ከላስቲክ ሥር ስለተለካው አየራችን

ለተከበሩ የከተማችን አየር ጥራት ቁጥጥር ቢሮ ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ሰባተኛ ፎቅ ላይ መስኮት ዘግቶ ለሚውል ሰው ጤና መመኘት ድፍረት እንዳይሆንብኝ እየሰጋሁ፣ እኔ በበኩሌ ለጊዜው በመተንፈስ ላይ እንደምገኝ በትሕትና አስታውቃለሁ።

ከአውቶቡስ ማደሪያው አጥር ሥር ባለው ልብስ ማጠቢያ ቤት የሆስፒታል አንሶላና የቢሮ ሰዎች ሸሚዝ የማጥብ፣ የማሰጣና የምተኩስ ሴት ነኝ። ከማደሪያው ግንብ ወዲያ ልጄ ሁለተኛ ክፍል የምትማርበት ትምህርት ቤት አለ፤ ልጄ ደግሞ አስም አለባት። ማደሪያው ከዚያ ይነሣ ወይስ ይቆይ የሚለውን ቢሮዎ የፊታችን ማክሰኞ እንደሚወስን፣ የመሬቱ የአየር መለኪያ መሣሪያና የሰማዩ ሳተላይትም አየራችን ንጹሕ ስለመሆኑ በአንድ ቃል መመስከራቸውን ከለጠፋችሁት ማስታወቂያ አነበብኩ። እንዲህ የሚስማሙ ምስክሮች በዘመናችን ብርቅ ስለሆኑ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ መሣሪያውን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስለተከላችሁልን እናመሰግናለን። የተከሉት ባለሙያ፣ ዕቃው ውድ ስለሆነ እንዳይቆሽሽ ብለው ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ አደራ ሰጥተው ሄዱ። ዘበኛችን ጋሼ ደግሞ አደራ የሚበላ ሰው አይደለም። በየማለዳው አውቶቡሶቹ ሞተር ማሞቅ ሲጀምሩ መሣሪያውን በላስቲክ ከረጢት ሸፍኖ፣ በሲባጎ ጥብቅ አድርጎ ያስረዋል፤ ጭሱ አልፎ ረፋድ ሲሆን ይፈታዋል። ሦስት ወር ሙሉ አንዲት ጥቀርሻ እንዳላስነካው የነገረኝ በኩራት ነው። ስለዚህ ቢሮዎ ያሳተመው ቁጥር የከረጢቱን ውስጥ የሚመለከት ከሆነ ትክክል ለመሆኑ እኔም እፈርማለሁ። ጋሼን ግን እንዳይቀጡብን እለምናለሁ፤ ነገሩን ሳስረዳው በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን ያዘና፣ መሸፈን የነበረባቸውስ ልጆቹ ነበሩ ብሎ አለቀሰ። ከቢሮዎ በኩል እስካሁን ያለቀሰ ሰው መኖሩን አልሰማሁም።

ሁለተኛ፤ ሳተላይቱ። ባደላችሁን ወረቀት ላይ እንደተጻፈው በቀን አንድ ጊዜ፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ በላያችን ያልፋል። አውቶቡሶቹ የሚያጨሱት ከንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል እስከ ጧቱ ሁለት ሰዓት ነው፤ በሰባት ሰዓት ተኩል ማደሪያው ውስጥ የሚገኘው ድመት ብቻ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሲባል እሰማ ነበር፤ ከሰማይ ሆኖ የሚጮኸውን ግን ገና አሁን ማየቴ ነው። በዚያ ላይ ሰፈራችንን ለብቻ አያይም፤ ከማዶው ደንና ከሐይቁ ጋር ደባልቆ አማካዩን ይናገራል። ሳተላይቱን አልወቅሰውም፤ ያየውን ተናገረ። ልጄ ግን በአማካይ አትተነፍስም።

ሦስተኛ፤ እኔም በዐቅሜ ለክቻለሁ። ካረጀ ነጭ አንሶላ እየቀደድኩ፣ በየሰዓቱ አንዳንድ ቁራጭ ከማስጫው ገመድ ላይ እየሰቀልኩ፣ ቀንና ሰዓቱን ጠርዙ ላይ ጽፌ ስድሳ ቀን አጠራቀምኩ። የሁለት ሰዓቱን ጨርቅ ቢነኩት ጣትዎ ይጠቁራል፤ የሰባት ሰዓት ተኩሉ ነጭ ነው። በዘንቢል ሞልቼ ቢሮዎ ባመጣው ጸሐፊዎ ጨርቅ መረጃ አይደለም ብለው መለሱኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ማለት ይህ ነው እንዳልል፣ እርስዎ ሞኝ አይደሉም።

ባለፈው ረቡዕ ጧት መምህሯ ልጄን አቅፋ እየሮጠች ወደ ሥራ ቦታዬ አመጣቻት። ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። ካጠብኩት አንሶላ ክምር ላይ አስቀምጬ የሚነፋውን መድኃኒቷን በአፏ እያስሳብኳት፣ ከግንቡ ወዲያ የአውቶቡሶቹ ሞተር ሲጮህ እሰማ ነበር። ተናድጃለሁ ክቡርነትዎ፤ ይህንን በትሕትና ቃል ማሳመር አልቻልኩበትም።

ስለዚህ ማክሰኞ የምንመጣው ለልመና አይደለም። የተማሪዎቹ እናቶች ሆነን የስድሳውን ቀን ጨርቅ በየተራው ከቢሮዎ አጥር ላይ እናሰጣለን፤ ልብስ ለማስጣት ፈቃድ የሚጠይቅ ሕግ እስካሁን አላጋጠመኝም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ሳንባ ግን ይነቅዛል። መሣሪያው ያለ ከረጢት፣ ከንጋት ጀምሮ፣ እኛ ቆመን እያየን እስኪለካ ድረስ ጨርቃችን ከአጥሩ አይወርድም።

ከማያልቅ አክብሮትና ከማያቋርጥ ሳል ጋር፣ የክቡርነትዎ ታዛዥ ለመሆን የሞከረችና ያልሆነላት፣

የማደሪያው ሥር ልብስ አጣቢ፣ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ እናት

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ለማክሰኞው ስብሰባ እንዲታጠብ እርስዎ የላኩት ነጭ ሸሚዝ ደርሶናል። በገዛ እጄ አጥቤ፣ ሐሙስ ከአሥራ አንድ ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ከውጭው ገመድ ላይ አስጥቼ፣ ደግሜ ሳላጥበው እንዳለ አጥፌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ። በሪፖርትዎ መሠረት ንጹሕ ስለሆነ፣ ሳይቀይሩ እንዲለብሱት በአክብሮት እጠይቃለሁ።