ሳላነብ የፈረምሁት ምስክርነት

ለፍትሕ ቢሮ ኃላፊ
ቀን፦ መጋቢት 11
ቁጥር፦ የግል ጽሑፍ ስለሆነ የለውም

ጉዳዩ፦ በስሜ የተጻፈው ሐሰተኛ ቃል ከመዝገብ ተሰርዞ፣ በዚሁ ቃል የተፈረደበት ጸሐፊ እንዲፈታ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

ያላልሁትን ቃል በፊርማዬ ላይ ጭናችሁ ንጹሕ ሰው አስራችኋል። አቤቱታዬ ይኸው ነው፤ የሚከተለው ዝርዝሩ ነው።

1. እኔ በማተሚያ ቤት ለሠላሳ ስምንት ዓመት በአራሚነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ማንበብ የተማርሁት በማተሚያ ቤቱ ጓሮ ተበላሽተው ከተጣሉ ወረቀቶች ነው፤ ስለዚህ በልጅነቴ ካነበብሁት ታሪክ የብዙውን መጨረሻ አላውቀውም። ሥራዬ ሌላው ሳያይ ያሳለፈውን ማየት ነበር። በዚያ ሁሉ ዘመን ሳላነብ የፈረምሁበት ወረቀት የለም። የዓመት ፈቃድ መጠየቂያ ቅጹን እንኳ አርሜ ነበር የምፈርመው፤ አለቃዬ በዚህ ይናደድ ነበር፣ ቅጹ ግን ስሕተት ነበረበት።

2. ታሳሪው ጸሐፊ የታናሽ እኅቴ ባል ነው። አልወደውም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ለዝምድና አድልቶ ነው እንዳይባል ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ፣ የሐዘን መግለጫ ደብዳቤ ሲደርሰው ቀይ እስክሪብቶ አንሥቶ የሚያርም ሽማግሌ አስገባ። ሰፈሩ ሁሉ እኔ መሆኔን አወቀ፤ ከዚያ ወዲህ «አቶ አራት ነጥብ» እባላለሁ። ደብዳቤውን እንደሆነ አርሜአለሁ፤ ሦስት ስሕተት ነበረበት። ያ ግን በመጽሐፍ የሚወጣ ነገር አይደለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም።

ጽሑፉን ማረሜን ግን አልተውሁም፤ ሥራ ሥራ ነው። እኅቴ ረቂቁን ታመጣለች፣ መልሳ ትወስዳለች፤ እኔና እሱ የምንነጋገረው በወረቀቱ ኅዳግ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ «ይህ አንቀጽ ሬሳ ነው፤ ይቀበር» ብዬ በቀይ ጻፍሁበት። እሱም በእርሳስ «ቀባሪው አንተ ከሆንህ በሕይወት ይኑር» ብሎ መለሰልኝ። አንቀጹ ታትሟል። መጥፎ አንቀጽ ነው።

3. ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ የገበያው ሱቆች በማዘጋጃ ቤቱ ትእዛዝ ፈረሱ። ረቡዕ ጧት ሕዝቡ እንዲነሣ የሚጠራ ወረቀት በየግድግዳው ተለጥፎ ተገኘ። ሐሙስ ዕለት የእኅቴን ባል ከቁርስ ላይ አንሥታችሁ ወሰዳችሁት። በሳምንቱ እኔ ለምስክርነት ወደ መሥሪያ ቤታችሁ ተጠራሁ። ያኔ ግራ ገብቶኝ ነበር፤ ዛሬ ግን ምክንያቱ ገብቶኛል። እንደማንነጋገር ሰምታችኋል። የተጣላ ሰው ለመወንጀል ብዙ ልመና አያስፈልገውም ብላችሁ ነው።

4. መርማሪው ሰው አክባሪ ነበር። ወንበር ሳበልኝ፤ «አባቴ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ሲያነቡ ኖረው ዓይንዎ እንዴት ነው?» አለኝ። «ካንተ የተሻለ አያለሁ» አልሁት። ይህን መልሴን ልብ ይበሉልኝ፤ ጥፋቴ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

የተለጠፈውን ወረቀት ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበልኝና የማን አጻጻፍ እንደሆነ ጠየቀኝ። የሰጠሁት መልስ እንዳለ ይኸውና፦ «የእሱ አይደለም። ሱቆቹ የፈረሱት ማክሰኞ፣ ወረቀቱ የተለጠፈው ረቡዕ። ይህ ሰው በአንድ ቀን አንድ ገጽ ጽፎ አያውቅም። የገዛ ልጁን የሠርግ መጥሪያ እጽፋለሁ ብሎ ሦስት ሳምንት ሲሰርዝ ሲደልዝ፣ ሙሽራዋ መሮአት ራሷ ጽፋዋለች። ሕዝብ ቀስቅስ ብትለው ሕዝቡ ተነሥቶ፣ ደክሞት፣ ተመልሶ ይተኛል እንጂ የእሱ ወረቀት አይደርስም።»

መርማሪው ሳቀ። እየሳቀ ጻፈ። ከዚያም ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «ያሉትን ነው የጻፍሁት፣ አባቴ፤ እዚች ጋ ይፈርሙልኝ» አለ። የጻፈው ግን እንዲህ የሚል ነበር፦ «አጻጻፉን ለሃያ ሁለት ዓመት ስለማውቀው፣ ጽሑፉ የእሱ መሆኑን ያለ ጥርጥር አረጋግጣለሁ።» ከግርጌው «ቃሌን አንብቤ፣ ይዘቱን ተረድቼ ፈረምሁ» ይላል።

5. ታዲያ እንዴት ፈረምህ ይሉኝ ይሆናል። ይህን ተራ ቁጥር ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል።

መነጽሬ በር ላይ ቀርቶ ነበር። ፍተሻው ላይ ያለው ዘበኛ «ብረት አለው፣ አባባ፤ ሲወጡ ይወስዱታል» ብሎ ከቁልፎቼና ከእስክሪብቶዬ ጋር በላስቲክ ሳጥን አስቀመጠው። እኔ ያለ መነጽር ፊደል አይታየኝም፤ የተጻፈ ሁሉ ዝናብ የመታው ይመስለኛል። ይሁን እንጂ ካንተ የተሻለ አያለሁ ብያለሁ። ያን ካልሁ በኋላ መነጽሬን አምጡልኝ ማለት ሞት ሆነብኝ። ስለዚህ ወረቀቱን አንሥቼ ዓይኔን እንደሚያነብ ሰው ከመስመር ወደ መስመር አንቀሳቀስሁ። ራሴንም ነቀነቅሁ። ፈረምሁ። መርማሪው ዋሽቷል፤ እኔ ደግሞ እያነበብሁ በመምሰል ውሸቱን አጸደቅሁለት። ሁለታችንም ለአንድ ወረቀት ሠራን።

6. ይህን የምለው ከጸጸት ፈጥሬ እንዳይመስላችሁ፣ ማስረጃው ከእናንተው ዘንድ አለ። መነጽሬን ተረክቤ ካደረግሁ በኋላ መጀመሪያ ያነበብሁት የበሩን የንብረት መረከቢያ መዝገብ ነው፤ እሱ ላይም መፈረም ነበረብኝ። ጥቅምት 23 ቀን፣ ተራ ቁጥር 31 እንዲህ ይላል፦ «መነጽር አንድ፣ ቁልፍ ሁለት፣ እስክሪብቶ አንድ፤ የገባበት ጧት 3፡10፣ የወጣበት 5፡40።» በምስክርነት ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ሰዓት 5፡15 ነው። እኔ ቃሌን «አንብቤ» በፈረምሁበት ሰዓት መነጽሬ በዘበኛችሁ ሳጥን ውስጥ ነበር። ያለ መነጽር ማንበብ እንደማልችል የሚገልጽ የዓይን ሐኪም ማስረጃ አያይዣለሁ።

7. ችሎቱ ለምስክርነት አልጠራኝም፤ ወረቀቱ ብቻ ተነበበ። እኅቴ ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር። የተነበበውን ስሰማ «እኔ እንዲህ አላልሁም!» ብዬ ተነሣሁ። ዳኛው «ሽማግሌውን አስወጡልኝ» አሉ። እኅቴ ዞራ አየችኝ። እሱ አልዞረም።

ሰባት ዓመት ፈረዱበት። ፍርዱ ዘጠኝ ገጽ ነው፤ ግልባጩን ከነምስክርነት ወረቀቱ ከጠበቃው ወስጄ ሁሉንም አንብቤዋለሁ። «ጽሑፎቹን ለረጅም ዘመን ያረመ ባለሙያ የመሰከረበት በመሆኑ» ከሚለው በቀር ሌላ ማስረጃ የለበትም። በመንግሥት ወረቀት ላይ ባለሙያ ተብዬ ስጠራ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ ወዲህ በመሥሪያ ቤታችሁ ሦስት መስኮት ላይ ቆሜአለሁ። በአንደኛው «አባባ፣ የተሰጠ ቃል የፈሰሰ ውሃ ነው» አሉኝ። በሁለተኛው «ጸጸት ከሆነ የኛ ክፍል አይደለም፤ ቀጣይ!» ተባልሁ። በሦስተኛው ማመልከቻዬን ተቀብለው ጥግ ላይ «ባለጉዳዩ በዕድሜ የገፉ ስለሆኑ በትዕግሥት ይሸኙ» ብለው ጻፉበት። በትዕግሥት ተሸኝቻለሁ። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይላል የአገር ሰው። የእኔ አልጠፋም፤ ተገልብጦ ሰው በላ። በየመስኮቱ ግን መነጽር የሚለውን ነገር አላነሣሁም፤ «አላልሁም» ብቻ ነበር የምለው። ይህም ጥፋቴ ነው።

8. እኅቴ ቤት ሄጄ ነበር። በሩን ሳትከፍት ከውስጥ «አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ፣ ወንድም ጋሼ፤ ፈርመሃል አልፈረምህም?» አለችኝ። «ፈርሜአለሁ» አልሁ። «ሳላነብ» የምትለዋን ቃል ግን አልጨመርሁም። እሷም፣ «እኔኮ አታለውት ይሆናል እንጂ ወንድሜ እንዲህ አያደርግም ብዬ ስሟገትልህ ነበር። ‹ተይ አትድከሚ፤ እሱ ሳያነብ አይፈርምም› ብሎ ዝም ያሰኘኝ ባሌ ነው» አለች። ከዚያ በኋላ የሰማሁት የእግሯን ድምፅ ነው።

ክቡር ኃላፊ፣ ይህን ያለው አሥራ አንድ ዓመት ያላነጋገረኝ ሰው ነው። ከእስር ቤት ሆኖ ለጥንቃቄዬ መሰከረልኝ። ምስክርነቱም፣ እንደ እኔው፣ ሐሰት ሆነ። አሁን ከታሰረ አሥራ ሰባተኛ ወሩ ነው፤ አውቄ የሸጥሁት ሰው ሆኜ ነው በልቡ የምኖረው።

ስለዚህ የሚከተለውን እጠይቃለሁ።

ሀ. ጥቅምት 23 ቀን በስሜ የተመዘገበው ቃል ይሰረዝ።

ለ. ይግባኝ ሰሚው ችሎት ሚያዝያ 2 ቀን ሲሰየም ዐቃቤ ሕግ ይህን አቤቱታና የበሩን መዝገብ አቅርቦ ክሱን ያንሣ፤ ሰውየውም በዕለቱ ይፈታ። ምሕረት አልጠየቅሁም። ምሕረት ለጥፋተኛ ነው።

ሐ. የበሩ መዝገብ እስከዚያ በደኅና ይቀመጥ። ገጽ ቢጎድል እንዴት እንደሚታወቅ ሠላሳ ስምንት ዓመት የሠራሁት ሥራ ነው። የዚህን አቤቱታ ግልባጭ ለችሎቱም ለጠበቃውም ሰጥቻለሁ፤ እዚህ ቢቀበር እዚያ ይገኛል።

መ. ያላነበቡትን አንብቤአለሁ ብሎ መፈረም ወንጀል ከሆነ እኔን ክሰሱኝ። አልከራከርም። ቦታ ጠበበ የምትሉ ከሆነ፣ እሱ ሲወጣ አንድ አልጋ ይለቀቃል።

ይህን ጽሑፍ ከመፈረሜ በፊት ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ አንዱን ጊዜ ጮክ ብዬ። የሚጨመርበትም የሚቀነስበትም የለም። ችሎቱ ከጠራኝ ቀርቤ ይህንኑ ቃል በቃል አሰማለሁ፤ በጥያቄ ቢያጣድፉኝም ከዚህ አልወጣም። ሰውየው ሲፈታ በር ላይ ቆሜ አልጠብቀውም። እኅቴ እውነቱን ማወቅ ከፈለገች ከመዝገብ ቤት ታውጣው፤ እኔ ደጇ ሄጄ አላስረዳም። እሱም መጥቶ ይቅርታ ቢጠይቀኝ ወይም ይቅርታ ጠይቀኝ ቢለኝ፣ ወንበር እሰጠዋለሁ፣ ውሃ እሰጠዋለሁ፤ መልስ ግን አልሰጠውም። በዚያ ክፍል ውስጥ ስላደረግሁት ነገር ከዚህ ጽሑፍ ውጭ ለእናንተም፣ ለዘመድም፣ ለጠላትም፣ እስክሞት ድረስ ዳግመኛ አንድ ቃል አልናገርም።

ለወንበሩ ከሚገባው ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
የታሳሪው ጸሐፊ የሚስት ወንድም፣
የማተሚያ ቤቱ የቀድሞ አራሚ