ባላምባራስ ስለ ሄዱበት መንገድና ስለ ምንጫችን

ይድረስ ለተከበሩ ባላምባራስ ኃይለ መስቀል፣ የእንጦጦ የአትክልትና የመንገድ ሥራ ሹም።

ጌታዬ ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ጥድ እንጨት የጸና፣ እግርዎም ከሳማና ከእሾህ የተጠበቀ ይሁን። እግርዎን ለይቼ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኋላ ይታያል። እኔ የደብተራ ገብረማርያም ልጅ የሺመቤት ነኝ፤ ከፈረንጁ የአትክልት ባለሙያ ይማሩ ከተባሉት ጋር ችካል ተሸክማ ከኋላ ትቆም የነበረችው። ሰው ፊት ስናገር ድምፄ ስለሚጠፋ፣ ቀርቤ ለእርስዎ ብቻ ከምነግርዎ ይልቅ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባቴ በደጀ ሰላም ለሕዝቡ ሁሉ ቢያነብልኝ ቀለለኝ። ድፍረት እንዳይመስልብኝ እለምናለሁ።

የጻፍሁትም ላመሰግንዎ ነው።

አንደኛ፣ ተራራችን የአትክልት ቦታና ወደ ላይ የሚያወጣ መንገድ እንዲኖረው አስበው፣ ፈረንጁን ሙሴ ሉዊን ከሩቅ አገር ስላስመጡልን አመሰግናለሁ። እኚህ ሰው ተዳፋቱን እንዳዩ መጀመሪያ ያደረጉት አንድ ቅል ውኃ መሬት ላይ ማፍሰስ ነበር። እኛ ስለ ውኃው ስናዝን፣ እርሳቸው በየት በየት እንደሚወርድ በበትራቸው ጫፍ እየተከተሉ አሳዩን። መንገድ የሚያወጣ ሰው ከውኃ ጋር አይጣላ፣ ምንጭና ዛፍ ባሉበት ይኑሩ፣ መንገዱ ይዙራቸው አሉን። ከዚያ ወዲህ ዝናብ ሲጥል ደጃፍ ቆሜ ጎርፉ የሚሄድበትን አያለሁ፤ እናቴም ይቺን ልጅ ምን ነካት ትላለች። ከዳዊት በኋላ እንዲህ ልቤን የያዘው ትምህርት አላገኘሁም።

ሁለተኛ፣ ትምህርቱን ከፊት ሆነው ስለ መሩልን አመሰግናለሁ። ሙሴ ሉዊ ከምንጩ በላይ የሚያልፈውን መንገድ በገመድ ካሳዩን በኋላ፣ አንድ ሰው በገመዱ ዳር ቀስ ብሎ እንዲሄድ፣ እኛም በዱካው ላይ ችካል እንድንተክል አዘዙ። እንግዳ ናቸውና ሹም ባለበት ማንም ከፊት እንደማይሄድ አላወቁም። እርስዎ ግን ያውቃሉ፤ ካባዎን ሰብሰብ አድርገው ከፊት ወጡ። ገመዱ ሳማ ውስጥ ሲገባ እርስዎ በሳማው ዳር ዞሩ፤ ችካሉም ዞረ። የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ብቅ ሲል ወደ ኋላ ተመልሰው ተሳለሙ፤ ችካሉም ተመልሶ ተሳለመ። ከዚያ ፀሐዩ በረታና ጠማዎ። ወደ ምንጩ ወርደው ጠጡ፣ እግርዎንም ታጠቡ። ከሹም ዱካ መውጣት ነውር ነውና እኛም እየተከልን ወረድን፤ አንዱን ችካል እንዲያውም እግርዎን ካነሡበት ጭቃ ላይ፣ ከምንጩ አፍ ነው የተከልነው።

ሦስተኛ፣ አስተርጓሚዎን አቶ ቱሉን አመሰግናለሁ፤ እንደ እርሳቸው ሰላም የሚወድ ሰው አላየሁም። ሙሴ ሉዊ ችካሉን አይተው ሲጮኹ፣ እጅግ ደስ ብሎኛል ይላሉ ብለው ተረጐሙልን። ባርኔጣቸውን መሬት ጥለው ሲረግጡትም፣ በአገራቸው ለትልቅ ሰው የሚደረግ ክብር ነው አሉን፤ እርስዎም ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። ሙሴ ሉዊ በማግስቱ በቅሏቸውን አስጭነው ወደ ሐረር ወረዱ። ደስታው በዝቶባቸው ይሆናል።

አራተኛም ባገኝ ደስ ባለኝ ነበር፤ ምስጋናዬ ግን እዚህ ላይ አለቀብኝ። ችካል የነካ ይገረፋል ተብሎ ዘበኛ ቆሟል። ዳግማ ትንሣኤ ሲያልፍ መንገዱን እንዲሠሩ የታዘዙት አርመናዊ ግንበኛ መጥተው በችካሉ ላይ ድንጋይ ያነጥፋሉ፤ ያን ጊዜ የምንጩ አፍ ይደፈናል። ሌላው ምንጭ ያለው ከገደሉ ሥር ነው። ጎረቤታችን ኢፍቱ ነፍሰ ጡር ናት፤ ትናንት በችካሎቹ መካከል ቆማ ስትቀዳ፣ ባላምባራስ ያን ዕለት ጠላቸውን ከቤታቸው ጠጥተው ቢመጡ ኖሮ ምንጫችን በተረፈ ነበር ብላ ሴቱን ሁሉ አሳቀች። እኔም ሣቅሁ። እንስራዋን አዝላ ለመነሣት ስትታገል ሳይ ግን ይህችን ሴት ገደሉ ላይ አሰብኋትና ሣቄ ጠፋ።

የሹም ዱካ ተሳሳተ ማለት ለእኔ አይገባም፤ ስለዚህ ችካሉን ያስነቅሉ አልልም። የምለምንዎ አንድ ጊዜ ደግመው እንዲሄዱልን ብቻ ነው። ሙሴ ሉዊ ገመዱን ያሰሩበትን ኮሶና ወይራ ስለማውቃቸው ገመዱን ዘርግቼ እጠብቅዎታለሁ። ሳማውን አስቀድሜ አጭዳለሁ። ቤተ ክርስቲያኑንም ከመነሣትዎ በፊት ተሳልመው ይጨርሱ። ውኃ በቅል ይዤ ከጎንዎ ስለምሄድ፣ ሲጠማዎ ከገመዱ ሳይወጡ ይጠጣሉ። እኛም እንደ ልማዳችን ዱካዎን ሳንለቅ እንተክላለን።

እግዚአብሔር እርምጃዎን ያቅናልዎ፤ ይህን የምለው እንደ ምርቃትም እንደ ልመናም ነው።

ከየካ በላይ ካለው ሰፈራችን፣ በሁዳዴ ጾም ተጻፈ።
ከፊትዎ ለመሄድ ከቶ የማትደፍር ችካል ተሸካሚዎ፣
የሺመቤት፣ የደብተራ ገብረማርያም ልጅ

ረስቼው የጨመርሁት፦ በቅል የምይዝልዎ ውኃ ከዚያው ከምንጩ የተቀዳ ነው። ከግንበኛው በፊት ቢመጡ ይሻላል። ከዘገዩ ባዶውን ቅል ይዤ እከተልዎታለሁ፤ ያን ጊዜ ሲጠማዎ መንገዱ እስከየት ድረስ እንደሚዞር እግዜር ይወቅ።