ጫማዋን የማታወልቀው ሀዋ

አሶሳ፣ ሰኞ ግንቦት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ዘይነባ ሁለቱን ልጆቿን ይዛ ከሱዳን ጦርነት ሸሽታ በኩርሙክ በኩል ከገባች ሳምንት አለፋት። ትንሹ ዑመር ወዲያው ለምዶ የጓሮዬን ማንጎ እያራቆተው ነው። ሀዋ ግን ጫማዋን ሳታወልቅ ትተኛለች። እናቷ ስትለምናት "ድንገት እንሩጥ ብትሉስ?" ትላለች። ቤቴን ገና አላመነችውም።

ዛሬ ከቀትር ሶላት በኋላ ቦት ጫማዬን እንዳደረግሁ ሰሌኑ ላይ ተጋደምኩና የውሸት ማንኮራፋት ጀመርኩ።

"ጅዶ! በጫማ ሰሌን ላይ? ነውር ነው!" ብላ ሀዋ ጮኸችብኝ፤ እኔን አያቷን ጅዶ ነው የምትለኝ።

"ድንገት እንሩጥ ብትይስ?" አልኳት ዓይኔን ሳልገልጥ።

"አንተ ሽማግሌ ነህ፣ መሮጥ አትችልም!"

"እንግዲያው አዝለሽኝ ትሮጫለሻ።"

እየሳቀች ቦቴን ጎትታ አወለቀችና በሩ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ የራሷን እግር አየት አድርጋ፣ "እዚህ የሚያስሮጥ ነገር የለም?" አለችኝ።

"የጎረቤቱ አውራ ዶሮ ብቻ። እሱንም ዑመር አባሮታል።"

ጫማዋን ፈትታ ከቦቴ አጠገብ አኖረችና መጥታ ጎኔ ተኛች።

አሁን ሁለቱንም ባዶ እግሯን ሆዴ ላይ ጭናለች። የከሰዓቱ የዐስር ሶላት ሊደርስ ነው፤ ሳልቀሰቅሳት እንዴት እንደምነሳ እንጃ።