የኋላው በር እንዳይነካ

ወንድምዓለም፣

ሰርቪስ ሊያመልጠኝ ነው። የመኪናዋ ባትሪ እያደረ ስለሚሞት ገመዱን ነቅዬዋለሁ። ከማስነሣትህ በፊት ራዲያተሩን ውሃ ሙላ።

አባባ ዛሬም ሱፉን ለብሶ ግቢ ወጣና "መኪናዬን የት አደረሳችኋት?" አለኝ። አጠገቧ ቆሞ እኮ ነው! "ይቺው ናት" ስለው "የሰው ንብረት አትንኪ" ብሎ ተቆጣኝ። ከሸጠላቸው ሰዎች ደጅ ጠንተህ ያስመለስክለት መኪና ናት። ክላሲክ ትሁን ብለህ ቀለሟን አስቀየርክ፣ ወንበሯን አዲስ ቆዳ አስለበስክ። እሱ ግን አላወቃትም።

ትናንት በዚህ ተናድጄ የተናገርኩህን ተወው።

ወደ ቤት ልንመለስ ስንል ግን ዞር ብሎ ያንን እምቢ የሚለውን የኋላ በር እንደ ድሮው በጉልበቱ ገፋ፣ እጀታውን ወደ ላይ ሳብ አደረገው። ተከፈተለት! እኔ ብቻዬን ቆሜ ሳለ "ግቡ ልጆች፣ ትምህርት ቤት ረፈደባችሁ" አለኝ።

ገባሁለት። ዘጋልኝና እዚያው ቆመ፤ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ ጠፋው።

ላሜራ ሠሪው ከሰዓት መጥቶ በሩን ያስተካክለዋል ብለሃል። እባክህ ሰውየውን መልሰው።

እንደተበላሸ ይቆይልን።