ሁለት ጊዜ የተቆረጠው የዓመት ፈቃዴ

ወላይታ ሶዶ፣ ነሐሴ 2001 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ጌታነህ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ በዚህ ስለሚጀመር ነው እንጂ ዛሬስ ከአፌ አይወጣም። አጎታችን ጋሽ ኤርሳዶ ትናንት ከቤሌ መጥተው ነበር። ሐዋሳ ሆነህ «ከእህቴ አስታርቁኝ» ብለህ ደውለህላቸው ኖሯል። «አንቺ አሳየሽ፣ ዘመን መለወጫችን ጊፋታ በቂም አይገባም። የዘመድ ጥል የሥጋ ትል ነው» አሉኝ። ምን አጣላን አለዎት ብላቸው «በሥራ ጉዳይ ተቀያይመን ነው» ማለትህን ነገሩኝ። በሥራ ጉዳይ! መቀስ የተዋዋስን አስመሰልከው እኮ! እንግዲያው ከረሳኸው ላስታውስህ።

መብራት በፈረቃ የሆነ ጊዜ የስፌት ድርጅታችን ጄኔሬተሩን በሳምንት አራት ቀን ብቻ ላስነሳ አለና የስድስቱን ቀን ሥራ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ጨመቀው። እኛ አልጠየቅንም። በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት ማሽን ላይ አጎንብሰን ወገባችን ሲንቀጠቀጥ ነበር የምንወጣው። አንተ አዲሱ የአስተዳደር ኃላፊ ፊታችን ቆመህ «ሰዓቱ ያው አርባ ስምንት ነው፤ ከመብታችሁ የሚጎድል የለም» አልክ። ሁሉም አጨበጨበ። እኔማ መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩ፣ ወንድሜ ነዋ!

ግንቦት ላይ እማዬ እንሰት ጓሮ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ኦቶና ሆስፒታል ታክማ ስትወጣ ሐኪሙ «ሦስት ሳምንት ደግፎ የሚያነሳት ሰው ከአጠገቧ አይለይ፤ ብቻዋን እንዳትቆም» ያለውን ሁለታችንም ሰምተናል። እሷ ደግሞ ከቤሌ፣ ከቤቴ አልወጣም አለች። እኔ የዓመት ፈቃዴን አልነካሁትም ነበር። አሥራ ስምንት የሥራ ቀን፣ በድሮው በስድስት ቀን ሳምንት ልክ ሦስት ሳምንት። እግዜር ራሱ የለካው ነው ብዬ ደስ እያለኝ ቢሮህ ገባሁ።

«አሁን በሳምንት የምትሠሩት አራት ቀን ስለሆነ አሥራ ስምንቱ አሥራ ሁለት ይሆናል» አልከኝ። እሺ፤ በሳምንት አራት አራት ቀን ሲሄድ ያው ሦስት ሳምንት ይሞላል፣ አልከፋኝም። አንተ ግን አልበቃህም። «ደግሞ ያንቺ ቀን ረጅም ነው፤ አንዱ ቀን እንደ አንድ ቀን ተኩል ይታሰባል» ብለህ አሥራ ሁለቱን ስምንት አደረግከው። ሁለት ሳምንት! ቀኖችሽ ጥቂት ናቸው ብለህ ቆረጥክ፣ ቀኖችሽ ረጃጅም ናቸው ብለህ ደግመህ ቆረጥክ። በሁለት ቢላ መብላት ሲባል እሰማ ነበር፤ በገዛ እናቱ ላይ የሚበላ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ወይ በቀን ቁጠር፣ ወይ በሰዓት ቁጠር» አልኩህ።

«አውቃለሁ» አልከኝ። አዎ፣ አውቃለሁ ነው ያልከው! «ግን ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። አሁን ላንቺ ባስተካክለው ለእህቱ አዳላ ይሉኛል።»

«ለእኔ ብቻ መች አልኩህ? ለሁሉም አስተካክለው!»

«ምን ጎደላችሁ? በየሳምንቱ ሦስት ቀን ታርፉ የለ?»

እሑድ ድሮም የእኛ ነው። የዓርብና የቅዳሜን ሥራ ደግሞ እስከ ሐሙስ አስቀድመን ሠርተነዋል፤ ማን ሰጠንና! «እንግዲያስ ሦስተኛውን ሳምንት አንተ ሂድላት» ብልህ ሥልጠና አለብኝ አልክ። «ካልተመለስሽ እንደማንም ሠራተኛ ትሰናበቻለሽ» ያልከው ደግሞ እኔን ነው፣ የተማሪ ቤት ልብስህን ሰፍቼ ያስተማርኩህን። ባል በሌለበት ቤት ሦስት ልጅ ይዤ ምን ልሁን?

ተመለስኩ። ጎረቤቷ እትዬ የትምወርቅ ጠዋትና ማታ ብቅ ይሉላት ነበር፤ ግን እሳቸውም ቤት አላቸው። በሦስተኛው ሳምንት ረቡዕ ቀን፣ እኔ እዚህ ኮሌታ ስገጥም፣ እማዬ ብቻዋን ተነስታ ደጅ ልትወጣ ስትል ወደቀች። ይኸው እስከ ዛሬ አልቆመችም። አንተ በሹመት አድገህ ሐዋሳ ሄድክ፤ ደንብህ ግን እኛው ላይ ቀረ።

ከሁሉም ያንገበገበኝ ግን ይህ አይደለም። እማዬ ይህን ሁሉ አታውቅም። ለጠያቂ ሁሉ «ልጄ ማሽኗ በልጦባት ጥላኝ ሄደች» ትላለች። በየዓርቡ ስሄድ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ገላዋን የማጥባት እኔ፣ የምትመርቀው አንተን! «ጌታነህ ግን ይደውላል» ትላለች። በስልክ የእኔን ጥፋት ስትነግርህ ምን አልካት? «አይዞሽ እማዬ፣ አሳየሽም ቸግሯት ነው» አልካት። እትዬ የትምወርቅ ስልኩን ይዘውላት ስለነበር ሰምተዋል። ቸግሯት! ያስቸገራት ማን ነው ጌታነህ? ይህን የሰማሁ ዕለት እህል አልቀመስኩም። እኔም አልነገርኳትም። እግሯን ያጣች እናት ልጇን ደግሞ በእኔ አፍ እንድታጣ አልጨከንኩም።

ጋሽ ኤርሳዶን «እታረቃለሁ» ብያቸዋለሁ። ግን በጊፋታ ሥጋ ዙሪያ ተቀምጠን ጉልበት ተሳስመን የምንነሳው ዕርቅ አይሆንም። ፈቃድህን ውሰድና ከበዓሉ ቀድመህ ቤሌ ና። መቼስ ቢሮ የተቀመጠ ሰው ፈቃዱ አይሸራረፍም። እማዬን በክንድህ ታቀፋትና ደጅ አውጣት፣ ፀሐይ አሙቃት፣ መልሰህ አስገባት። ከዚያ አጠገቧ ተቀምጠህ በገዛ አፍህ «አሳየሽ አልተወችሽም፤ ከአጠገብሽ የነጠቅኳት እኔ ነኝ» በላት። ታለቅስ ይሆናል፤ ትረግምህም ይሆናል። እናት ናት፣ ለነገው ትመርቅሃለች።

እኔ ያን ሰዓት አብሬህ አልገባም፤ አጥሩ ጋ እቆማለሁ። እሷ ራሷ «አሳየሽ፣ ግቢ» ብላ ከጠራችኝ ያኔ ታርቀናል።

እህትህ
አሳየሽ