ሬሳዬ በእግር ይሂድ

ዛሬ ሰኞ፣ ወሩ በገባ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ይህን ቃሌን እሰጣለሁ። እግሮቼ አይታዘዙኝም፤ አእምሮዬ ግን ሙሉ ነው። የተጠራጠረ ካለ በሠላሳ አንድ ዓመት የተቆጣጠርኳቸውን ድልድዮች ከነስፋታቸው ይጠይቀኝ። ያስገደደኝም ያባበለኝም የለም። የሚጽፍልኝ ጡረታ የወጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው፤ ቃሌን እንዳያሳምርብኝ አስጠንቅቄዋለሁ።

ወራሾቼ ሁለት ናቸው። የበኩር ልጄ የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ነው። ታናሺቱ ልጄ መሐንዲስ ናት፤ እኔ በሠራሁበት መሥሪያ ቤት ባለፈው ወር የድልድይ ተቆጣጣሪ ሆና ተመድባለች። ድልድዩም ሌላ አይደለም፤ እኔ ፈርሜ ያስረከብኩት፣ በሦስተኛው ዓመት አንድ ጎኑ የሰመጠው ነው። አሁን ፈርሶ እንደ አዲስ ይሠራል። ጨረታውን ያሸነፈው የያኔው ሥራ ተቋራጭ ልጅ ነው።

አንደኛ። ይህ የምኖርበት ቤት ከነዕቃው ለበኩር ልጄ ይሁን። እናቱ በታመመችበት ዓመት ሱቁን ዘግቶ ያስታመማት እሱ ነው። የማልወድለት ጠባይ ቢኖረውም ይህን አልረሳለትም።

ሁለተኛ። ከቤቱ ጀርባ ያለው ባዶ መሬት ይሸጥ፤ በሽያጩም ለታናሺቱ ልጄ መኪና ይገዛላት። አዲስ ካልሆነ አይባል። ከፍ ያለ፣ ጭቃ የሚችል፣ ያገለገለ ቢሆን ይበቃል።

እዚህ ላይ የበኩር ልጄ አቋርጦኛል። ያለውም እንዲጻፍ አዝዣለሁ፦ «አባዬ፣ መሬቱን እኮ ለመጋዘን ይሆንሃል ብለኸኝ ነበር። መኪና ደግሞ ያረጃል። ለእሷስ መኪና ምን ይሠራላታል? ተቋራጩ ያቀርብላታል፤ ውሉ ላይ አለ።»

ውሉ ላይ አለ። ልጄ ሳያውቀው የነገሩን ሥር ነክቶታል። እንግዲያው ምክንያቴን ልናገር።

ሰው ስለ ሙስና ሲያወራ የሚታየው በፖስታ የገባ ገንዘብ ብቻ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያለ በሆዳሞች ላይ ይፈርዳል። እኔ አልበላሁም። መሥሪያ ቤታችን ግን ጨረታ ባወጣ ቁጥር የሚመርጠው ዝቅተኛውን ዋጋ ነው። በዚያ ዋጋ ድልድይ እንደማይሠራ ያወዳደሩትም ያሸነፈውም ያውቃሉ። ጉድለቱ ከየት እንደሚሞላ ማንም አይጠይቅም። የሚሞላው ከመሠረቱ ነው፤ አፈር ይሸፍነዋላ። ይህን አይቶ «ቁም» የሚል አንድ ሰው ቢኖር ተቆጣጣሪው ነው፤ ለእሱ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ መኪና አይሰጠውም። «ተቋራጩ ለተቆጣጣሪው ተሽከርካሪ ያቀርባል» ተብሎ በውሉ ይጻፋል። ወጪ መቆጠባቸው ነው። ጠዋት ከደጄ የሚወስደኝ፣ ምሳ የሚያበላኝ፣ ማታ የሚመልሰኝ ያው የምቆጣጠረው ሰው ሆነ። በሰው መኪና ተቀምጦ ባለመኪናውን «አፍርሰህ ሥራ» ማለት እንዴት እንደሚተናነቅ ያልቀመሰው አያውቀውም። ለአለቆቼ ስንት ጊዜ ጻፍኩ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። አንዱማ «በነጻ እየተንፈላሰስክ ታማርራለህ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የዚያ ድልድይ መሠረት አራት ሜትር እንዲወርድ ንድፉ ያዛል። በሚለካበት ዕለት ሜትሬን ይዤ፣ ወደ ጉድጓዱ ልወርድ መሰላሉን ስይዝ፣ የመኪናው ክላክስ ተነፋ። ከተራራው ጀርባ ደመና ነበር፤ መንገዱ በጭቃ ሳይዘጋ እንሂድ ማለታቸው መሰለኝ። ከቀረሁ ዐሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር በእግሬ ነው። ከአፋፉ ላይ ሆኜ ቁልቁል አየሁት፤ ጥልቅ ይመስላል። ወረቀቱን በመኪናው ኮፈን ላይ ዘርግቼ ፈረምኩ። ሾፌሩ ዛሬ ምስክር ሆኖልኝ እዚህ ተቀምጧል። እሱን ማንም እንዳይወቅሰው፤ ሥራው መንዳት ነበር።

ጉድጓዱ ሁለት ሜትር ተኩል ብቻ እንደነበር የታወቀው ድልድዩ ሲሰምጥ ነው። እኔም አምስት ሳንቲም አልነካሁም እያልኩ ራሴን ሳባብል ኖርኩ። የልጆቼ እናት ግን ማዶ ያለችውን እህቷን ለመጠየቅ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወንዙን ዙሪያ ጥምጥም ስትዞር ኖረች። እህቷ የሞተች ዕለት ዞራ እስክትደርስ ቀብሩ አልቆ ነበር። አንድ ቀን እንኳ «ያንተ ድልድይ» አላለችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አፍራለሁ።

ሦስተኛ። የብረት ሜትሬና ቦት ጫማዬ ለታናሺቱ ልጄ ይሁኑ። ቦቱ ይሰፋታል፤ ካልሲ ትደርብበት።

ልጄ፣ ሐሙስ ዕለት ከሳይት ስትመለሺ ደጃፋችን ላይ የመኪና በር ሲዘጋ ሰምቻለሁ። በምን መጣሽ ብልሽ «ሰዎች አደረሱኝ» አልሽኝ። ሰዎቹን አውቃቸዋለሁ፤ አባታቸው እኔንም ያደርሰኝ ነበር። ይህን ስናገር ልጄ እያለቀሰች እንዲህ ብላለች፦ «አባዬ፣ እምቢ ብላቸው እኮ ሳይቱን በዓይኔም አላየው።» እውነቷን ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት እኔም ለራሴ የሰጠሁት መልስ ይኸው ነበር። መኪናው የሚገዛው ለዚህ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል።

አራተኛ። ስለ ቀብሬ። የተቋራጩ ልጅ መታመሜን ሰምቶ በበኩር ልጄ በኩል መልእክት ልኮብኛል፤ ቀኑ ሲደርስ ሬሳዬን የሚወስድ መኪና «በክብር» ሊያቀርብ ፈልጓል። ልጄም ደስ ብሎት ነገረኝ። አልፈልግም። መቃብሩ ከዚህ አርባ ደቂቃ መንገድ ነው። ሬሳዬ በሰው ትከሻ፣ በእግር ይሂድ። ከደከማችሁ አውርዳችሁ ዕረፉ። ከኋላ ክላክስ ቢነፋባችሁም እንዳትቸኩሉ።

ከዚህ በፊት የሰጠሁት ሌላ ቃል ቢኖር በዚህ ተሽሯል። ጸሐፊው ጽፎ ሲጨርስ «ደክሞዎታል፣ ይፈርሙና ይረፉ» ቢለኝ እምቢ ብያለሁ። ገጽ በገጽ ተነቦልኝ፣ ራሴም በመነጽሬ አይቼው ፈርሜያለሁ። ሳላይ የፈረምኩት አንዱ ይበቃኛል።

የተናዛዡ ፊርማ

አንደኛ ምስክር፦ ጎረቤት፣ ልብስ ሰፊ። ሲናገሩ ሰምቻለሁ፣ ሲፈርሙ አይቻለሁ። ፊርማ።

ሁለተኛ ምስክር፦ ጎረቤት፣ ጡረተኛ መምህር። ሲናገሩ ሰምቻለሁ፣ ሲፈርሙ አይቻለሁ። ፊርማ።

ሦስተኛ ምስክር፦ የያኔው ሥራ ተቋራጭ ሾፌር የነበርኩ። ሲናገሩ ሰምቻለሁ፣ ሲፈርሙ አይቻለሁ። ከመፈረሜ በፊት አንድ ነገር እንዲጻፍልኝ ለምኛቸው ፈቅደውልኛል። ያን ቀን ክላክሱን የነፋሁት ዝናቡን ፈርቼ አይደለም። መሰላሉን ሲይዙ ንፋ ተብዬ ነው። ፊርማ።