ቀይ ነጥብ ያለበት ፔዳል

ባሕር ዳር፣ ዘንዘልማ
ጥር 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህም ለተናደድሁብህም ባለቤቴ ለፍሬ ስብሐት ሀብተ ሥላሴ፣ ዱባይ፤

እንደ ደንቡ ጤናህን ልጠይቅ፤ እንደምን አለህ? እኔ ጤና ነኝ፣ ንዴት በሽታ ካልሆነ በቀር። ዛሬ የነነዌ ጾም የገባበት ቀን ስለሆነ በጾም አፌ እንዳልሳደብ እየታገልሁ ነው የምጽፍልህ። ደብዳቤ ያስጀመረኝ ናፍቆት እንዳይመስልህ። በስልክ ቁም ነገር ስጀምርህ «የሺ፣ ትቆራረጫለሽ፣ ኔትወርክ ነው» ትልና ትዘጋብኛለህ። ወረቀት አይቆራረጥም። ዕቃህን ያደረሰችልኝ አገርነሽ ዕረፍቷን ጨርሳ ዓርብ ወደ ዱባይ ስትመለስ በእጅህ ትሰጥሃለች፤ አንተም ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው ታነበዋለህ።

በእግሬ እየረገጥሁ የጊታሬን ድምፅ የምለዋውጥበት ፔዳል ደርሶኛል። «አዲስ ነው፣ ከሱቅ ገዝቼ ነው የላክሁልሽ» ያልኸው ፔዳል። ካርቶኑ አዲስ ነው፣ እሱስ እውነት ነው። ከየት እንዳገኘኸው እንጃ እንጂ ፕላስቲኩ ሳይቀር አሳምረህ ጠቅልለኸዋል። ውስጡ ያለው ግን የራስህ ነው ፍሬ። ማንን ነው የምታታልለው? መሐለኛው መርገጫ ላይ የነበረውን ቀይ ነጥብ በምላጭ ፍቀህ ፍቀህ ዳር ዳሩን ረስተኸዋል። ያ ቀለም የእኔ የጥፍር ቀለም ነው። መድረኩ ሲጨልም መርገጫው ይታየኝ ብለህ ከቦርሳዬ ወስደህ ጨርሰኸው፣ ለእህቴ ሰርግ ጥፍሬን ሳልቀባ ሄድሁ። አንተ ብትረሳው እኔ አልረሳሁትም።

የሚያናድደው ደግሞ ከገና በፊት ጀምረህ ስትመርጥልኝ የከረምኸው ነው። እኔ ያልሁህ አንድ ነገር ነበር። አንተ ከሄድህ ጀምሮ ባንዱ ውስጥ ሊድ ጊታር የምጫወተው እኔ ነኝ፤ ያረጀው ፔዳሌ በየመሐሉ ድምፅ ይቆርጣል፤ ምናሴም ኪቦርዱ ላይ ተቀምጦ ባንዱን ሁሉ ማዘዝ እንደሚወድ ታውቃለህ፣ «በዚህ ዕቃሽ የጥር ሰርግ አትጫወቺም» አለኝ። ስለዚህ የጊታር ቦርሳ ኪስ ውስጥ የሚገባ፣ ድምፅ የሚያስተጋባውን ኤኮውንም ሌላውንም አንድ ላይ የያዘ፣ ለመድረክ የሚሆን ትንሽ ነገር ካለ ጠቁመኝ አልሁህ። ጠቁመኝ ነው ያልሁህ! አንተ ግን ስብከት ጀመርህ። ትልቁን አትግዢ፣ ባጃጅ ውስጥ ያስቸግርሻል። ያለ ስልክ የማይስተካከለውን አትግዢ። ሁለት መርገጫ ያንስሻል፣ ስድስት ይበዛብሻል፣ ልክሽ ሦስት ነው። በፓወር ባንክ የሚሠራ ይሁን፣ የዚያን ሰርግ የምትጫወቱበትን ሆቴል ጄኔሬተር አውቀዋለሁ። አይ መምህር! እኔ ይኼን የማላውቅ ይመስል። ሐይቁ ዳር መብራት ሲጠፋ መድረክ ላይ የምገተረው እኔ ነኝ ወይስ አንተ?

ይኼንንም ልንገርህና ይውጣልኝ። ምናሴ ከአዲስ አበባ ጓደኛው ትልቅ ፔዳል ተውሶ አምጥቶ «እስቲ በዚህ ሞክሪ» አለኝ። ሰፌድ ያህላል። የጥምቀት ሰሞን ሐይቁ ዳር ሰርግ ነበረን፤ አሁን ሰርግ ሁሉ በቀን ሆኗል፣ ከመሸ ባጃጅም የለ። ዘፋኙ ጎጃምኛውን አፋፍሞ፣ ሙሽራው ትከሻውን እየሰበቀ፣ ሚዜዎቹ ከበው እያጨበጨቡ ሳለ መብራቱ ድርግም አለ። ጄኔሬተሩ ተነሣ። ባሱ ገባ፣ ኪቦርዱ ገባ። የእኔ ሰፌድ ግን የፋብሪካውን ዓርማ ስክሪኑ ላይ ደቅኖ ጠብቁኝ ይላል። ሙሽራው እስክስታውን ጨርሶ ላቡን ሲጠርግ ነው ጊታሬ ከእንቅልፉ የነቃው። ምናሴ በማይክራፎን ምን ቢል ጥሩ ነው? «የሺን እየጠበቅን ሙሽሮቹ ልጅ ሊወልዱ ነው።» ሰርገኛው በሳቅ አውካካ። እኔም ለይምሰል ሳቅሁ። ሴት ጊታር ስትጫወት ለመቅረጽ ስልኩን የሚደቅነው ሰው ስንት እንደሆነ አይተሃል። እነሱ ፊት ቆሞ ድምፅ የሌለው ገመድ መምታት ምን እንደሆነ ግን አታውቅም።

ያንተ ካርቶን የመጣው በማግስቱ ነው። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። የምንለማመድበት ክፍል ብቻዬን ገብቼ ሰካሁት። የመጀመሪያውን መርገጫ ስረግጥ ትዝታ ስትጫወት የምታወጣው ያ ሩቅ ኤኮ መጣ። ሁለተኛውን ስረግጥ ጎጃምኛው ላይ ቆረጥ ቆረጥ የምታደርገው ደረቁ ድምፅህ መጣ። ጥቂት እንደ ተጫወትሁ ምናሴ በሩን በርግዶ «ፍሬ መጣ እንዴ?» ብሎ ገባ። ታዲያ እሱ እንዲህ ሲል እኔም ዞር ብዬ በሩን አየሁ። ጊታሩ በገዛ እጄ ላይ እያለ! ለራሴ እንኳ የማላወራው ጅልነት ነው፤ ለአንተ ጻፍሁት። ጎንበስ ብዬ ቀዩን ነጥብ ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ደሜ የፈላውም ከዚያ በኋላ ነው።

ሰው አዲስ ገዝቶ አሮጌውን ለሚስቱ ቢልክ ነውር የለውም። «አሮጌዬን ልኬልሻለሁ» ብትለኝ ስሜ እቀበልህ ነበር። ታዲያ ውሸቱ ለምን አስፈለገ? ይኼን ጥያቄ ይዤ እነ አገርነሽ ቤት ሄድሁ። እሷ ምስኪን ውሸት አትችልበትም።

«አዲስ ነው ብሎ ነው የሰጠኝ እኮ» አለችኝ፣ መሬት መሬቱን እያየች።

«አገርነሽ፣ በኪዳነ ምሕረት ይዤሻለሁ!»

«እኔ ነገርሁሽ እንዳትይብኝ እንግዲህ። የሚጫወትበት ቤት ከተዘጋ ሰነበተ። ከክረምት ወዲህ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲጭንና ሲያወርድ ነው የሚውለው።»

«ጊታሩስ?»

«አልጋው ሥር ነው። አንድ ቀን ተጫወትልን ብለን ብንለምነው እጄ ደክሟል አለን። ዕቃውን ጠቅልሎ ሲሰጠኝም አላየኝም፣ ፊቱን አዙሮ ነው የሰጠኝ።»

ከክረምት ወዲህ! ታዲያ በየሐሙሱ «ዛሬ ቤቱ ሞልቶ ነበር፣ ቁጭ ያለ ሰው የለም» እያልህ የላክህልኝ ወሬ ሁሉ ምንድን ነው? የማንን ጭብጨባ ነው የነገርኸኝ? እኔ ቂሏ ደግሞ ደረቴን ነፍቼ ለምናሴ አወራለታለሁ። ሞኝ ባያፍር የሞኝ ዘመድ ያፍራል ይላሉ፤ ይኸው እኔ አፈርሁልህ።

አሁን ይኼን ደጋግመህ አንብበው። መጋዘን መዋልህ አይደለም ያናደደኝ። ዕቃ መጫን ነውር አይደለም፤ አባቴ እኔን ያሳደገኝ ፋብሪካ በር ላይ ጥጥ ሲያወርድ ኖሮ ነው። ያናደደኝ ፔዳሉን ከእጅህ ማውጣትህ ነው። «ልክሽ ሦስት መርገጫ ነው» ስትለኝ የከረምኸው ለእኔ እየመረጥህ አልነበረም። የራስህን ዕቃ እያወደስህ፣ እኔን እያግባባህ፣ ራስህን ከጊታር እያፋታህ ነበር። ከእንግዲህ አልጫወትም ብለህ ቆርጠሃል። እኔን ሳታማክር! ቤት ስንሠራ ለበሩ ቀለም ሳይቀር ሦስት ቀን ያጨቃጨቅኸኝ ሰውዬ፣ ይኼን የሚያህል ነገር ብቻህን ወሰንህ?

በአባባም ያደረስህብኝ አለ። ለአስተርእዮ ማርያም መሪጌታ አባትህን ልጠይቅ በጀልባ ዘጌ ተሻግሬ ነበር። ከማኅሌት ወጥተው ደጀ ሰላሙ አጠገብ መቋሚያቸውን ተደግፈው አገኘኋቸው። «ልጄ፣ ያ ልጅ እንደምን ነው?» አሉኝ። አገርነሽ የነገረችኝን ደብቄ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሜ፣ «ደኅና ነው አባባ፣ ትናንትም ሲጫወት ነበር» አልኋቸው። ጊታር እንደማይወዱ ታውቃለህ። ዜማውን ከልጅነትህ አስተምረውህ ትተህባቸው ስትሄድ ዓመት ሙሉ ያላነጋገሩህ ሰው ናቸው። እኔን ያሉኝን ስማ። «እንግዲያስ ደኅና ነው። እሱ ሲከፋው ድምፁ ነው የሚጠፋው። በልጅነቱም ማዜም ካቆመ እናቱ ታሟል ብላ ትደነግጥ ነበር። ከተጫወተስ ደኅና ነው፣ ተመስገን» አሉና ፊታቸው በራ። የዚያን ፊት መብራት አይቼ እውነቱን ሳልነግራቸው ተመለስሁ። ጀልባው ላይ እስከ ባሕር ዳር ድረስ ስረግምህ መጣሁ፣ ነነዌ ገና አልገባም ነበርና።

ስለዚህ ፔዳልህን አልፈልገውም። የምፈልገውን ራሴ መረጥሁ፤ እንዴት እንደመረጥሁም ልንገርህ፣ አንተ ብቻ አይደለህም አዋቂ። ከተማ መሐል ካለው የሙዚቃ ዕቃ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ መጀመሪያ ያሳየኝ ቆንጆ ነጭ ትንሽ ነገር ነው። ከጥላው አውጥቼ ፀሐይ ላይ ስይዘው ስክሪኑ ላይ የነበረው ሁሉ ድራሹ ጠፋ። በቀን ሰርግ፣ በሐበሻ ቀሚስ፣ ጎንበስ ብዬ በግምት ልነካካው? መለስሁለት። ሌላ አወጣና «ይኼኛው ውስጥ ሁለት መቶ ዓይነት ድምፅ አለ እህቴ» አለኝ። «ሙሽራ ሁለት መቶ ድምፅ ምን ያደርግለታል? ጥቂት ይብቃኝ፣ ግን በጫማዬ ልለየው» አልሁት። በመጨረሻ ከመደርደሪያው ሥር አቧራ የለበሰ ጥቁር ብረት ጎተትሁ። መልኩ ያስጠላል። ሦስት መርገጫ አለው፤ አዎ ሦስት፣ እንዳትስቅ። በፓወር ባንክ ሰካሁት፣ ነቀልሁት፣ መልሼ ሰካሁት፤ ሀ ሁ ሳልል ተነሣ። ደጋግሜ ስነቅል ስሰካ ባለሱቁ ጨነቀው።

«እህቴ፣ ልታበላሺብኝ ነው እንዴ?»

«ሆቴሉ የሚያደርገውን ነው ያደረግሁት» አልሁና እሱን ገዛሁ።

ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ድምፅ ግን ለሰው ጆሮ የሚሆን አልነበረም። እናም ያንተን በአንድ ጎን፣ የእኔን በሌላ ጎን አስቀምጬ ገመዱን ወዲያና ወዲህ እየሰካሁ ድምፆችህን በጆሮዬ ገለበጥኋቸው። የትዝታውን ኤኮ፣ የጎጃምኛውን ደረቅ፣ ባቲ ላይ ቀስ ብለህ የምታወፍረውን ሳይቀር። ስንት ጊዜ ሊያስለቅሰኝ ደርሶ በንዴት መለስሁት። ሲያልቅ ምናሴን ፊቱን ወደ ሐይቁ አዙሬ አቆምሁትና ሁለቱንም አሰማሁት። «የትኛው ነው የፍሬ?» አልሁት። አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ፣ አዳመጠና «ይኼኛው» አለ። የእኔን ነው ያለው።

ትናንት ሰርግ ነበረን። መብራቱ ጠፋ፣ መቼም አይቀርም። ጄኔሬተሩ ሲነሣ ከባሱ ቀድሜ የገባሁት እኔ ነኝ። ምናሴ ያነሣውን ማይክራፎን መልሶ አስቀመጠው።

ያንተን ዛሬ ጠዋት ጠርጌ ካርቶኑ ውስጥ መልሼዋለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስሃል። ስትሰካው እንዳትደነግጥ፣ ባዶ ነው። በውስጡ የነበረውን ድምፅ ሁሉ አጥፍቼዋለሁ፣ አንድም አላስቀረሁልህ። ሳልሳሳ አጠፋሁት ብል ውሸት ነው፤ በዚህ ቤት ደግሞ ውሸት በዝቷል። ድምፅ ከፈለግህ ጊታሩን አውጥተህ፣ ገመዱን ቀይረህ፣ እስኪመጣልህ ድረስ ትቀመጣለህ። ሸክም ውለህ እጅህ ዝሎም ቢሆን። ያው የድሮዬ ይሰጠኝ የምትል ከሆነ ግን ያለው እዚህ ዘንዘልማ፣ እኔ ጋ ነው። በፖስታ አይላክም።

ና አልልህም። ቅርም አልልህም። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል፤ መዞርህን ዙር፣ ግንድህን ግን መንገድ ላይ እንዳትጥል።

ለቅበላ ወደ ዘጌ እሻገራለሁ። አባባ እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ፤ እኔም ያንኑ ነው የምመልስላቸው፣ ሌላ የምላቸው የለኝም። ስለዚህ ደብዳቤው ከደረሰህ በኋላ ሐሙስ የድምፅ መልእክት ስትልክልኝ ስለ ጭብጨባ አንዲት ቃል እንዳታወራኝ፣ ስለ እኔም ጤና አትጠይቀኝ። ተጫወት ብቻ። ቢሰበርም፣ ጣትህ ቢያንገራግርም፣ አብሮህ የሚኖረው ሰው ቢቆጣም ተጫወት። ለአባትህ የነገርኋቸውን ውሸት እውነት አድርግልኝ።

ኪዳነ ምሕረት ጀርባህን ከከባድ ሸክም፣ አንደበትህን ከሐሰት ትጠብቅልኝ። እራትህን ሳትበላ አትተኛ።

ቁጣዬ ያልበረደልኝ ያንተው
የሺመቤት